ቤት ሠሪ ሲመረጥ ክረምት ያለፈበት ሥራው ይታይ

የመኸሩ ሰብል ታጭዶ፣ ተወቅቶና ጎተራ ገብቶ ገበሬው ትንሽ ፋታ የሚያገኝባቸው የበጋ ወራት በደጋውና በወይና ደጋው የአገራችን ክፍል ቤት የሚሠራባቸው ወራት እንደሆኑ የታወቀ ነው። ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ድረስ በየመንደሩ መሠረት ሲቆፈር፣ ድንጋይ በአህያና በሸክም ሲጋዝ፣ ባሕር ዛፍ ሲላጥ፣ ጭቃ ሲረገጥ ይታያል። ልጁን ድሮ ጎጆ የሚያወጣው አባት፣ የሣር ክዳኑን ወደ ቆርቆሮ ለመለወጥ ሲያስብ የከረመው አባወራ፣ ልጆቿን ይዛ ከዘመድ ቤት ለመውጣት የቆረጠችው እናት በዚህ ጊዜ የሚፈልጉት ሰው አንድ ነው፤ ይኸውም ቤት ሠሪ።

ስለ ምርጥ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ ከብት መኖ በየጊዜው ብዙ ይጻፋል። ይሁን እንጂ ገበሬው ከእነዚህ ሁሉ ያተረፈውን ገንዘብ በአንድ ጊዜ አውጥቶ የሚያፈሰው በቤት ላይ ስለሆነ፣ የቤት ሠሪ አመራረጥ እንደ ግብርናው ሥራ አንድ ክፍል ተቆጥሮ ቢነገርለት የሚያስወቅስ አይሆንም። የሁለትና የሦስት ዓመት የስንዴ ሽያጭ፣ የእቁብ ዕጣ፣ አንዳንድ ጊዜም ከጥማዱ የአንደኛው በሬ ዋጋ የሚውለው በዚሁ ላይ ነው። ቤቱ የተበላሸ እንደሆነ ለሰኔ የሚያርስ በሬም፣ ለሐምሌ የሚያስጠልል ጣሪያም ሳይኖር ይቀራል ማለት ነው።

የሚገርመው ግን ያው ገበሬ በሬ ሲገዛ የሚያደርገውን ጥንቃቄ ቤት ሠሪ ሲቀጥር አለማድረጉ ነው። በሬ ሲገዛ ጥርሱን ፈልቅቆ ያያል፤ ሸኮናውን ይመለከታል፤ ወዲያና ወዲህ አስነድቶ አረማመዱን ይመረምራል፤ ከማን ቤት እንደወጣና ለምን እንደሚሸጥ ይጠይቃል፤ በመጨረሻም ዋስ ይጠራል። ቤት ሠሪ ሲሆን ግን በገበያ ቀን ጠላ ቤት ያገኘውን ሰው «እጁ ወርቅ ነው» ስለተባለለት ብቻ ቀብድ ቆጥሮ ያስጨብጠዋል።

ይህ ዘጋቢ በሰሜን ሸዋ በሞረትና ጅሩ ወረዳ በእነዋሪ ዙሪያ ሲዘዋወር ከተመለከታቸው ቤቶች አንዱ ለዚህ ጥሩ አስረጂ ይሆናል። ቤቱ ከሩቅ ሲታይ ያማረ ነው። ግድግዳው በድንጋይ የተገነባ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ፣ በርና መስኮቱም ቀለም የተቀባ ነው። ጠጋ ብለው ሲያዩት ግን ከመስኮቱ ማዕዘን ተነሥቶ እስከ ጣሪያው የሚወጣ፣ የሰው ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ አለ። ባለቤቱ በአካባቢው በስንዴ አምራችነታቸው የሚታወቁ ገበሬ ናቸው። ቤታቸው ከተሠራ ሁለተኛው ክረምት ላይ በሩ በነሐሴ አልዘጋ እያለ፣ በጥር ደግሞ በመቃኑ ውስጥ እየተንጓጓ እንዳስቸገራቸው ገልጸዋል። «በጋና ክረምት የሚለዋወጥ በር አይቼ አላውቅም ነበር» ይላሉ።

ነገሩን ሲመረምሩት ግንበኛው አጭበርባሪ ሰው አልነበረም። ሙያ ያለው፣ ድንጋይ ማሳመር የሚያውቅ፣ የተቀበለውንም ሥራ በጊዜው ያስረከበ ሰው ነበር። ይሁን እንጂ ቀደም ሲል የሠራው ሁሉ መሬቱ ጭንጫ በሆነበት አገር ስለነበረ፣ መሠረት የሚቆፍረው እስከ ጉልበት ብቻ ነበር። በዚያ አገር ይህ በቂ ነው። እዚህ ግን መሬቱ ዋልካ ነው። ግንበኛው በዋልካ ላይ ሠርቶ ያውቅ እንደሆነ ግን አንድም ሰው አልጠየቀውም።

ዋልካ ወይም መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር ጠባዩ ለገበሬው እንግዳ አይደለም። ክረምት ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ በጋ ሲደርቅ ይሸማቀቅና ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም አንዳንድ ቦታ ከአንድ ሜትር በላይ ወደ ታች ይወርዳል። የእነዋሪ አካባቢ ገበሬዎች ለስንዴ ሰፋፊ መደብ እያወጡ በመካከሉ ቦይ የሚተዉት ይህን አፈር ከመጥለቅለቅ ለማዳን ነው። እንግዲህ ስንዴውን የሚያሰቃየው አፈር ግድግዳውንም አይምርም። በየዓመቱ ከሥር እያነሣ መልሶ ሲያስቀምጠው፣ ድንጋዩ ቢያምርም ባያምርም ግንቡ መሰንጠቁ አይቀርም። በማሳው ላይ ይህን ሁሉ የሚያውቅ ገበሬ ግቢው ውስጥ ሲገባ ግን ነገሩን ለግንበኛው ብቻ ይተዋል።

ስለሆነም ቤት ሠሪ ፈላጊው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያቀርበው ጥያቄ «ስንት ትቀበላለህ?» የሚለው ሳይሆን «እንደ እኔ ባለ መሬት ላይ የሠራኸው፣ ቢያንስ ሁለት ሦስት ክረምት ያለፈበት ቤት የት አለ?» የሚለው መሆን ይኖርበታል። በታኅሣሥ ተጀምሮ በመጋቢት ያለቀ ቤት በሚያዝያ ቢታይ ሁሉም ያማረ ነው። ጭቃው ገና አልረጠበም፤ ቆርቆሮው ገና በንፋስ አልተፈተነም፤ እንጨቱም ምስጥ አላገኘውም። በአዲስ ቤት ግንበኛን መምረጥ በዘር ወቅት ስለ ምርት እንደ መፍረድ ያለ ነው።

ከዚያው ቀበሌ ያሉ አንዲት ባልቴት፣ ሁለት የልጅ ልጆች የሚያሳድጉ፣ ያደረጉት ጥንቃቄ ሊጠቀስ የሚገባው ነው። እኚህ እናት ለልጆቹ የሚሆን ሁለት ክፍል ያለው ቤት ለማሠራት ሲነሡ ሦስት ሰዎች ቀርበውላቸው ነበር። ከመካከላቸው አንዱን ወጣት ባለሙያ ጠርተው «ልጄ፣ ስንት ቤት ሠርተሃል?» ሲሉት፣ «ኧረ እማማ፣ ቆጥሬውም አላውቅ» አላቸው። «እንግዲያው ሦስት ክረምት የከረመውን አንዱን ንገረኝና ሄጄ ልየው። አንተ ግን አትከተለኝ» አሉት። ወጣቱ ትንሽ አሰብ አድርጎ የሁለት ሰዎችን ቤት ጠቆማቸው። ሁለቱ ሌሎች ግን «ጊዜ የለኝም»፣ «የእኔን ሥራ የማያውቅ የለም» በማለት አልፈዋቸዋል።

ባልቴቷ የግማሽ ቀን መንገድ በእግራቸው ተጉዘው ቤቶቹን አይተዋል። ያነጋገሩትም አባወራዎቹን ሳይሆን እመቤቶቹን ነው። ምክንያታቸውን ሲጠየቁ፣ «ወንዱ ውሎው ውጭ ነው፤ ገንዘቡንም የከፈለው እሱ ስለሆነ ተታለልኩ ማለት ያፍራል። ሴቷ ግን ዝናብ ሲመጣ የት ቦታ ሣህን እንደምታስቀምጥ ታውቃለች» የሚል መልስ ሰጥተዋል። በእውነቱ ይህ አነጋገር በብዙ መጻሕፍት የማይገኝ ጥበብ ነው። ከእመቤቲቱ የሚጠየቀውም ብዙ አይደለም። ጣሪያው የሚያፈሰው የት ላይ ነው? ጢሱ በየት ይወጣል? የግድግዳው እግር በክረምት ይረጥባል ወይ? በሩ በሁሉም ወራት ይዘጋል? ግንበኛው ችግር ሲገጥማችሁ ሲጠራ መጥቷል ወይስ ጠፍቷል? የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል፤ የማያጠፋ ባለሙያ የለምና፣ የሚፈለገው ተመልሶ የሚመጣው ነው።

ቤቱን ሲጎበኙ ዓይን የሚያርፍባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። ከበርና ከመስኮት ማዕዘን የሚነሣ ሰያፍ ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ መሠረቱ መንቀሳቀሱን ይናገራል። በምርጊቱ ላይ ብቻ የሚታይ፣ እንደ ሸረሪት ድር የተበተነ ቀጭን ስንጥቅ ግን ጭቃው ሳይቦካ ወይም ጭድ ሳይበቃው መለጠፉን እንጂ የከፋ ነገርን አያመለክትም። የግድግዳው እግር በዝናብ ፍንጣቂ ተቦርቡሮ ከሆነ ጣሪያው ከግድግዳው ወጣ ብሎ አልተሠራም ማለት ነው። ለጭቃ ቤት ክፈፉ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ወጣ ቢል ግድግዳውን ከብዙ ጉዳት ያድነዋል።

እዚህ ላይ ስለ ጣሪያ ውኃ አንድ ሒሳብ ማቅረብ ይጠቅማል። ክዳኑ 50 ካሬ ሜትር በሚሸፍን ቤት ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል፣ ከጣሪያው የሚወርደው ውኃ 500 ሊትር ያህል ይሆናል። ይህም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 25 ጊዜ ሞልቶ በግድግዳው እግር ላይ እንደ መድፋት ነው። ታዲያ ይህ ውኃ የሚሄድበትን ቦይ በመጀመሪያው ቀን የማያስብ ግንበኛ በዋልካ አገር ሊቀጠር አይገባውም። አሸንዳ አድርጎ ወደ በርሜል መቀበል ቢቻል ደግሞ ለእንስሳትም ለልብስም የሚሆን ውኃ ይገኛል፤ ይህ ግን ራሱን የቻለ ርዕስ ስለሆነ ለሌላ ጊዜ ይቆይ።

ሥራውን አይቶ የወደደ ሰው ቀጥሎ መሣሪያውን ቢመለከት አይከፋም። በገጠሩ ያሉ አናጢዎችና ግንበኞች አብዛኞቹ ሙያውን የተማሩት ከአባት፣ ከአጎት ወይም ከሌላ ባለሙያ ጋር እየዋሉ እንደሆነ ይታወቃል። ወረቀት የለውም ተብሎ የሚናቅ ሙያ አይደለም። ነገር ግን ቱንቢ፣ ውኃ ልክና ሲባጎ የሌለው ግንበኛ በዓይኑ ብቻ የሚሠራ ነው፤ ዓይን ደግሞ ሲደክም ያሳስታል። ማዕዘኑ ቀጥ ማለቱን ባለቤቱ ራሱ በገመድ ሊያረጋግጥ ይችላል። ከማዕዘኑ ተነሥቶ በአንደኛው ጎን 3 ሜትር፣ በሌላኛው ጎን 4 ሜትር ለክቶ ችካል ይተክላል። በሁለቱ ችካሎች መካከል ያለው ርቀት በትክክል 5 ሜትር ከሆነ ማዕዘኑ ልክ ነው። ከዚህ ቢበልጥ ወይም ቢያንስ ጠሟል። የጠመመ ቤት ጣሪያው ላይ ሲደረስ ቆርቆሮው አልገጥም እያለ ብዙ ይባክናል። ይህን ልኬታ ባለቤቱ ሲያደርግ ግንበኛው ቅር የሚለው ከሆነ፣ ቅሬታው ራሱ አንድ መልስ ነው።

የግንበኛና የአናጢ ሙያ የተለያየ መሆኑም መዘንጋት የለበትም። «ሁሉንም እኔው እችለዋለሁ» የሚሉ አሉ፤ ከእነሱም እውነተኞቹ ጥቂቶች ናቸው። ድንጋይ የሚያሳምር ሰው ጣሪያ ሲያዋቅር ወራጁን አራርቆ ቆርቆሮውን በንፋስ ሊያስገነጥል ይችላል። አንዱ ሰው ሁሉንም ወስዶ ሌላውን ራሱ የሚቀጥር ከሆነ፣ የሚቀጥረው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

ስለ እንጨት ሲነሣ በአብዛኛው ቦታ የቤት እንጨት ማለት ባሕር ዛፍ ነው። ጥድና ወይራ ምስጥ የሚፈራቸው ቢሆኑም እየጠፉ በመሄዳቸው ለቋሚ የሚሆን ማግኘት አስቸጋሪ ሆኗል። ባሕር ዛፍ ግን እርጥቡን ከተተከለ ይጣመማል፤ ይሰነጠቃል፤ ልጡ ካልተላጠ ደግሞ ለነቀዝና ለምስጥ ይመቻል። ደህና አናጢ እንጨቱን ከሥራው ወራት አስቀድሞ አስቆርጦ፣ አስልጦና በጥላ አድርቆ ነው የሚጀምረው። ወደ መሬት የሚገባውን የቋሚውን ጫፍም በእሳት ለብ ለብ ያደርገዋል ወይም የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀባዋል። ምስጥ በሚበዛበት በምዕራብ ወለጋና በመሳሰሉት ቦታዎች ይህ ጉዳይ ከመሠረቱ እኩል ሊታይ የሚገባው ነው። እዚያ አገር ሰው ስለ አናጢው ሲጠይቅ የመጀመሪያው ጥያቄው «ምስጥን እንዴት ትከላከላለህ?» ቢሆን ተገቢ ነው።

ጭቃውንም በተመለከተ ደህናው ባለሙያ የሚታወቀው ባለመቸኮሉ ነው። ጭቃ ከጤፍ ጭድ ጋር ተቀላቅሎ፣ ተረግጦ፣ ጥቂት ቀናት ቦክቶ፣ እንደገና ተረግጦ ነው የሚመረገው። የመጀመሪያው ምርጊት ሳይደርቅ ሁለተኛው ከተደረበበት መነቃቀሉ አይቀርም። በቁርጥ ዋጋ የሚሠራው ሰው ቶሎ ወደ ሌላ ሥራ ለመሄድ ስለሚፈልግ የሚቸኩለው በዚህ ላይ ነው።

በሲሚንቶ የሚሠራ ከሆነ ግን የማታለያው መንገድ ይበዛል። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. ሲሚንቶ እየጠፋ ዋጋው በናረበት ጊዜ ከከረጢቱ ላይ መቀነስ የተለመደ ነገር እስኪመስል ደርሶ ነበር። ለድንጋይ ግንብ አንድ እጅ ሲሚንቶ ከሦስት ወይም ከአራት እጅ አሸዋ ጋር ይቀላቀላል፤ መለኪያውም አንድ ዓይነት ሣጥን ወይም ባልዲ እንጂ አካፋ አይደለም። አሸዋው አፈር የበዛበት መሆን አለመሆኑን ለማወቅ በውኃ ፕላስቲክ ሲሶ ያህል አሸዋ አድርጎ፣ ውኃ ሞልቶ፣ መትቶና አቆይቶ መመልከት ነው። ከላይ የሚረጋው ደለል ከወፈረ አሸዋው መታጠብ አለበት። ከሁሉም ይልቅ ግን አንድ ምልክት አለ። የቦካ ሲሚንቶ ትቶ ምሳ በልቶ ሲመለስ የጠጠረውን ውኃ አፍስሶበት እንደገና የሚያሸው ግንበኛ የሚሠራው ለዛሬ ብቻ ነው። ደህናው ግንበኛ የሚበቃውን ያህል ብቻ ያቦካል፤ የገነባውንም ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ውኃ ያስጠጣዋል።

ለድንጋይ ቤት ሌላም የሚታይ ነገር አለ። አንዳንድ ግንበኞች ከውጭና ከውስጥ ሁለት የድንጋይ ረድፍ ይክቡና መካከሉን በአፈርና በጠጠር ይሞላሉ። ሁለቱን ረድፎች አልፎ የሚያስር ረጅም ድንጋይ በየቦታው ካልገባበት፣ ግንቡ አንድ መስሎ የሚታይ ሁለት ግንብ ነው። በግንቦት 1953 ዓ.ም. በካራቆሬ አካባቢ በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴ ከተማ መፍረሷ በታሪክ የተመዘገበ ነው። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የደረሰው ተደጋጋሚ መንቀጥቀጥም ቤቶችን ሰነጣጥቆ ብዙ ሕዝብ ከመኖሪያው አፈናቅሏል። ሰሜን ሸዋ ከስምጥ ሸለቆው አፋፍ ላይ ያለ አገር እንደመሆኑ መጠን፣ ግንበኛውን «ማዕዘኑን በምን ታስረዋለህ?» ብሎ መጠየቅ ትርፍ ወሬ አይደለም።

አሁን ወደ ዋጋና ወደ ውል እንመለስ። የእጅ ዋጋ በቀን ወይም በቁርጥ ይከፈላል። በቀን የሚከፈለው ሰው አይቸኩልም፤ ነገር ግን ሥራው ይጓተታል፤ ቤተሰቡም በየቀኑ ምሳና ጠላ ያቀርባል። ይህን ወጪ ብዙዎች በሒሳብ አያስገቡትም፤ ሲደመር ግን ከእጅ ዋጋው ጋር የሚቀራረብበት ጊዜ አለ። በቁርጥ የሆነ እንደሆነ ደግሞ ምን ምን እንደሚያካትት መጻፍ አለበት። መሠረቱ ጠንካራ መሬት እስኪገኝ ይቆፈራል ወይስ እስከ ጉልበት ብቻ? ልስኑ ስንት ጊዜ ነው? በርና መስኮት የሚገጥመው ማነው? ውኃና አሸዋ የሚያቀርበው ማነው? ቆርቆሮውስ ስንት ጌጅ ነው? የጌጁ ቁጥር ሲበዛ ቆርቆሮው እየሳሳ እንደሚሄድ ያላወቀ ሰው ባለ 35 ጌጁን «ቁጥሩ ትልቅ ነው» ብሎ ከባለ 28ቱ የሚሻል መስሎት ሊገዛ ይችላል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቀብድ የሚለውን ማወቅም ይጠቅማል። ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢያፈርስ ደግሞ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ስለዚህ ቀብድ ሲሰጥ በምስክር ፊት፣ በጽሑፍ፣ ቀኑና መጠኑ ተጠቅሶ ቢሆን ይመረጣል። በዚያው ሕግ መሠረት ቤት ሠርቶ ለማስረከብ ውል የገባ ሰው ሥራውን ካስረከበ በኋላ ለ10 ዓመት ያህል ለአሠራሩና ለጥንካሬው ዋስ ነው። ጉድለቱ ከአሠራሩም ይሁን ከመሬቱ ጠባይ የመጣ ቢሆን ኃላፊነቱ አይቀርለትም። ስለ ዋልካው «መሬቱ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም» የሚለው መልስ እንግዲህ በሕግ ፊት የሚያዋጣ አይመስልም። ይሁን እንጂ የት እንደሚገኝ ያልታወቀን ሰው ሕግም ቢሆን ፈልጎ ለማምጣት ይቸገራል። አድራሻው የታወቀ፣ በቅርብ ቀበሌ የሚኖር፣ ዋስ የሚሆነው ሰው ያለው ባለሙያ የሚመረጠውም ለዚህ ነው።

ዘመድን ስለ መቅጠርም አንድ ነገር ሳይባል ማለፍ አይገባም። የእህት ልጅ ወይም የክርስትና አባት ግንበኛ ሲሆን ውል መጻፍ እንደ ስድብ ይቆጠራል። ሥራው ሲበላሽም «እንዴት ብዬ እናገራለሁ?» ተብሎ ዝም ይባላል። ይህ ዘጋቢ እንደሚያስበው ከሆነ ዘመድ በደቦ ድንጋይ ያመላልስ፣ ጭቃ ይርገጥ፣ በምረቃውም ቀን ቀድሞ ይቀመጥ፤ ቱንቢውን ግን ሊወቀስ የሚችል ሰው ቢይዘው የተሻለ ነው። ዘመድን መቅጠር የግድ ከሆነም ወረቀቱን ሽማግሌ ቢያዘጋጀው ቅሬታው ይቀንሳል።

ገንዘቡ በአንድ ጊዜ መከፈል የለበትም። መሠረቱ ወጥቶ በውኃ ልክ ሲታይ፣ ግድግዳው ሲያልቅ፣ ጣሪያው ሲከደን፣ ልስኑ ሲያበቃ እየተባለ ቢከፋፈል ሁለቱም ወገኖች ይጠበቃሉ። ግንበኛውም እኮ ልጆች አሉት፤ ሠርቶ ሲጨርስ «ምርቴን ስሸጥ እሰጥሃለሁ» እየተባለ እስከ ሚያዝያ የሚመላለስ ባለሙያ ጥቂት አይደለም። አንድ አምስተኛ የሚሆነውን ግን እስከ ሰኔ ዝናብ ማቆየትን ይህ ዘጋቢ በግል ይመክራል፤ ይህም ሲዋዋሉ እንጂ ሥራው ካለቀ በኋላ የሚነሣ ነገር መሆን የለበትም። «አሁን ስንት ቤት በእጅህ አለ?» ብሎ መጠየቅም ያስፈልጋል። የሦስት ሰው ቀብድ በአንድ ወር የተቀበለ ግንበኛ ከሦስቱ የአንዱን ቤት ጣሪያ ሳይከድን ግንቦት ይደርስበታል። ያልተከደነ የጭቃ ግድግዳ ደግሞ ከአንድ ጠንካራ ዝናብ በኋላ ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል።

የባልቴቷ ቤት ጉዳይ እንዲህ ሆነ። ወጣቱ ባለሙያ መሠረቱን ሲያስቆፍር ዋልካው እስከ ሰው ወገብ ወርዶም አላለቀም። በዚህ ጊዜ ሥራውን አቁሞ፣ «እማማ፣ እዚህ ላይ ብሠራው ያዋርደኛል። ከላይ በኩል ያለው ጥግ ጭንጫ ነው፤ ወደዚያ እንውሰደው» አላቸው። እሳቸው ደግሞ ያ ቦታ የጎመን መደባቸው ስለነበረ ለሁለት ቀን ተከራክረዋል። በመጨረሻ ጎመኑ ተነሥቶ ቤቱ እዚያ ተሠራ። አዲሱ ጉድጓድ ጉልበት ላይ ሲደርስ ዶማው ድንጋይ ነክቷል።

ቀሪው ገንዘብ የተከፈለው በሰኔ መጨረሻ ነው። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጧት ወጣቱ ሳይጠራ መጥቶ ከባልቴቷ ጋር ቤቱን ዞሩት። ከበስተኋላ ቦዩ ደለል ስለያዘው ውኃው ወደ ግድግዳው መመለስ ጀምሮ ነበር። ዶማ ተቀብሎ ቦዩን አጠለቀና ድንጋይ ደረደረበት። ባልቴቷ ገንዘቡን ከመቀነታቸው ፈትተው ሲሰጡት፣ ጎረቤታቸው የሆኑት ያ በራቸው በጋና ክረምት የሚለዋወጥባቸው ገበሬ በአጥሩ ላይ ሆነው ያዩ ነበር። ለመስከረም እንዲመጣላቸው ጠይቀውት፣ መጀመሪያ የስንጥቁን መንሥኤ ቆፍሬ ልይ ብሏቸዋል።